«ሐኪም መሆን የምችል አይመስለኝም»

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ትምህርቱ በክፍልና በቤተ ሙከራ በነበረባቸው ዓመታት ውጤቴ ከፍተኛ ነበር። ወደ ሆስፒታል ዋርድ ከገባን ወዲህ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት የት እንደገባ አላውቅም። በጠዋቱ የዋርድ ጉብኝት ላይ አስተማሪያችን ስለ አንድ የልብ ድካም ታማሚ ሲጠይቁኝ፣ በዋዜማው ያነበብኩት ሁሉ ጠፍቶብኝ አንደበቴ ይተሳሰራል። ጓደኞቼ ሲመልሱ ስሰማ፣ እስካሁን ያለፍኩት በዕድል እንጂ በችሎታ እንዳልሆነና አንድ ቀን እንደሚታወቅብኝ አስባለሁ። በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ፤ ሐኪም ደግሞ ደፋርና ተናጋሪ መሆን አለበት ይባላል። አሁን አሁን መጽሐፍ መክፈት እንኳ እያስጠላኝ መጥቷል። ለቤተሰቤ እንዳልነግር፣ ገና ካሁኑ «ዶክተር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አንድ ዓመት አቋርጬ ልረፍ ወይስ ጨርሼ ልተወው? ምክርዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጭንቀት የበዛባት ተማሪ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን በጥሞና አነበብኩት። ለዚህ ሙያ እንደማትሆኚ የሚያሳይ ነገር ግን አላገኘሁበትም። ያየሁት የሚፈለግባት የዕውቀት ዓይነት በድንገት የተለወጠባትን ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ይህንንም የምለው አንቺን ለማጽናናት ብዬ ሳይሆን የሕክምና ተማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሳስተምር ይኸው ነገር በየዓመቱ ሲደገም ስላየሁ ነው።

በጽሑፍ ፈተና ላይ አራት ምርጫዎች ይቀርቡልሻል፣ አንቺም ትክክለኛውን ትለያለሽ። ዋርድ ውስጥ ግን ምርጫ የሚያቀርብልሽ የለም፤ በሽታውም ስሙን ይዞ አይመጣም። ታማሚው የሚነግሩሽ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እንደሚያጥራቸውና ጫማቸው እንደጠበባቸው ነው፤ «ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት?» ብሎ መጠየቅ የአንቺ ፈንታ ነው። ቀድሞ በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩ ሰው አሁን ሦስት ደራርበው፣ አንዳንዴም ቁጭ ብለው የሚያነጉ ከሆነ፣ ጋደም ሲሉ ከእግርና ከሆድ ወደ ደረት የሚመለሰው ደም የደከመው ልባቸው ሊገፋው ከሚችለው በላይ እየሆነ ሳንባቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ እንደሆነ ትረጃለሽ። ይህን ሁሉ በፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) ክፍል ተምረሽዋል። አሁን የምትማሪው ያንኑ ዕውቀት ከታማሚ አፍ በሚወጣ ተራ ቃል ውስጥ ማግኘትን፣ ያውም ቆመሽ፣ ሰው እያየሽ ነው። አዲስ ክህሎት ነው፤ አዲስ ክህሎት የሚጀምር ሰው ደግሞ መንተባተቡ አይቀርም።

እስካሁን ያለፍሽው በዕድል እንደሆነና አንድ ቀን እንደሚታወቅብሽ የጻፍሽው ስሜት በሥነ ልቦና ጥናት የታወቀ ነው። ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በትምህርትና በሙያ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሱ ከ150 በላይ ሴቶች ስኬታቸውን የራሳቸው አድርገው መቀበል እንዳቃታቸውና ሌሎችን ያታለሉ እየመሰላቸው እንደሚኖሩ ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ስሜቱ በወንዶችም ዘንድ እንዳለ አሳይተዋል። በሕክምና ትምህርት ቤት የሚበረታበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው፤ የተመረጡ ጎበዞች በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፣ ሁሉም ፍርሃቱን ደብቆ ይውላል፣ እያንዳንዱም የሚፈራው እሱ ብቻ ይመስለዋል። አንቺ የራስሽን ጭንቀት ከውስጥ ታውቂዋለሽ፤ የጓደኞችሽን ግን የምትገምቺው ከፊታቸው ብቻ ነው። እነርሱም ስለ አንቺ የሚያውቁት የቀድሞ ውጤትሽን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጥርጣሬሽን አጥብቢው። «አልችልም» ለሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ብታስቢበት መልስ አታገኚለትም። «በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ ለምን መጀመሪያ ካልሲየም እንደሚሰጥ አላውቅም» የሚለው ግን ዛሬውኑ መልስ ያገኛል፤ ካልሲየሙ ፖታሲየሙን ሳይቀንስ ልብን ከአደገኛ የምት መዛባት ይጠብቃል፣ ፖታሲየሙን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ደግሞ ከግሉኮስ ጋር የሚሰጠው ኢንሱሊን ነው። በየዕለቱ ከጉብኝቱ በኋላ ያስደነገጠሽን ጥያቄ በዚህ መልክ በትንሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩን ስታገላብጪ፣ የፈራሻቸው ነገሮች ስምና መልስ ያላቸው ሆነው ታገኚያቸዋለሽ።

የንባብ ዘዴሽንም መርምሪ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ጽሑፉን በመክደን ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በልጠዋቸው ተገኙ። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ፣ ትምህርቱን ይበልጥ እንደምናስታውሰው ይሰማናል ያሉት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። በራስ የመተማመን ስሜትና ማወቅ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ማለት ነው፤ አለመተማመንሽም የዕውቀትሽ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ስለ ልብ ድካም ካነበብሽ በኋላ መጽሐፉን ክደኚና የታማሚውን ሁኔታ በጉብኝቱ ላይ እንደምታቀርቢው አድርገሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪው። አብራሽ የምትለማመድ አንዲት ጓደኛ ካገኘሽ ደግሞ ይበልጥ ትጠቀሚያለሽ።

በጉብኝቱ ላይ የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣብሽ «አላውቀውም፤ አንብቤ ነገ አቀርባለሁ» በዪ፣ በማግስቱም ሳትጠየቂ አቅርቢ። አንዳንድ አስተማሪ በዚህ ሊቆጣ ይችላል። ተማሪን በታማሚ ፊት ማሸማቀቅ ከማስተማር እንደሚቆጠር ግን አላምንም፤ እንዲያውም የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ መናገር የለመደ ተማሪ ነገ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ሲሆን የሚያደርሰው ጉዳት ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ጥርጣሬሽን ሙሉ በሙሉ ከራስሽ እንድታስወግጂው አልመክርሽም። የመድኃኒቱን መጠን ደግመሽ እንድትፈትሺ፣ ባለሙያ እንድትጠይቂ የሚያደርግሽን ያህሉን ያዢው፤ ለሙያው ያስፈልግሻል።

ዝምተኛነትሽን በተመለከተ ስለ አሜሪካዊቷ የሕፃናት ልብ ሐኪም ስለ ሔለን ታውሲግ ላንሣልሽ። በልጅነታቸው ማንበብ እጅግ ይቸግራቸው የነበሩት ታውሲግ፣ በሙያቸው ገና ጀማሪ ሳሉ ደግሞ የመስማት ችሎታቸው እየደከመ ሄደ፤ ያውም ሐኪሞች ልብን የሚመረምሩት በዋናነት በማዳመጥ በነበረበት ዘመን። እርሳቸው የሕፃናቱን ደረት በእጃቸው እየዳሰሱ የልባቸውን እንቅስቃሴ መለየትን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1944፣ በኦክስጅን እጥረት ሰውነታቸው ሰማያዊ የሚሆን ሕፃናትን ሕይወት የለወጠው ቀዶ ሕክምና በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ሐሳቡ የመነጨው ከእርሳቸው ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውን ያከናወኑት አልፍሬድ ብላሎክ ሲሆኑ ዘዴውን በቤተ ሙከራ ያዳበሩት ቪቪየን ቶማስ ናቸው። የሦስቱም ችሎታ ለየቅል ነበር። ዝምተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ አድማጭ ነው፤ የትራሱን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳያቋርጥ የሚሰማ ሐኪም ደግሞ የሚፈለግ ሐኪም ነው።

ፍላጎትሽ እስኪመለስ ተቀምጠሽ አትጠብቂ። ከሰዓት በኋላ ዋርዱ ጋብ ሲል ወደ አንድ ታማሚ ተመልሰሽ ሂጂ። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ሌሊቱን ሲመላለሱ እንዳያድሩ ጠዋት እንደሚወሰድ፣ በየቀኑ የሚመዘኑትም ሰውነታቸው ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ መቀነሱን ለማየት እንደሆነ አስረጂያቸው። ማንም ውጤት አይሰጥሽም፣ የሚታዘብሽም የለም። ማታ መጽሐፉን ስትከፍቺ ግን የምታነቢው ስለምታውቂያቸው ሰው ይሆናል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብሽ። ኀዘን ወይም ለነገሮች ሁሉ ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከተሰማሽ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተዛባ፣ ጉዳዩ ከጥርጣሬ አልፎ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይሽ፤ መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሳታድሪ ለአንድ ሰው ተናገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ። በ43 አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንተና፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27 ከመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንደነበረባቸው ያሳያል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃለ መሐላም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል ሐኪሙ የራሱን ጤንነት እንደሚጠብቅ የሚገልጽ ቃል ተጨምሮበታል። ከቤተሰብሽም ለምታምኚው አንድ ሰው እውነቱን ንገሪ፤ ከሙሉ ቤተሰብ ጋር በአንዴ መነጋገር ግድ አይደለም።

ትምህርቱን ጨርሶ ስለ መተው በዚህ በደከምሽበት ሰሞን አትወስኚ። አሁን ያለሽበትን የዋርድ ልምምድ እስክትጨርሺ ከላይ ያልኩሽን ሞክሪ፤ ከዚያም በደህና ቀን፣ ዕረፍት ባገኘሽበት ሰዓት እንኳ ከታማሚ ጋር መሆን ምንም የማይስብሽ ከሆነ ሌላ ሙያ መምረጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የመረመረሽ ሐኪም ዕረፍት ያስፈልግሻል ካለ ደግሞ ዓመቱን ውሰጂ፤ ነገር ግን ከመውጣትሽ በፊት የምትመለሺበትን ጊዜና ከየትኛው ልምምድ እንደምትቀጥዪ ከትምህርት ክፍልሽ ጋር በጽሑፍ ተስማሚ።