ወደ 2024 እንሻገር ወይስ 2020 ላይ እንቆይ? የሐዋሳ ፍላይት ሲሙሌተር ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኮምፒዩተር ላይ አውሮፕላን ከምናበርበት ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ወደ አዲሱ 2024 ልቀይር?»። ዛሬ ማታ ከየሰፈሩ ለሚጠይቀኝ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ የግራፊክስ ካርዳችሁን፣ ራማችሁንና የኢንተርኔታችሁን ፍጥነት። ከአሁኑ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። 2024ን ብትጭኑም 2020ን አታጥፉ። ሁለቱ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሳይጣሉ ይኖራሉ።

ከአቶቴ፦ ጋሼ፣ ካርዴ አርቲኤክስ 2060 ነው፣ ባለ 6 ጊጋ። ራም 16። ኢንተርኔት ስለካው 10 ሜጋ ቢት አካባቢ ነው። ልቀይር?

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለ2024 ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 970፣ 16 ጊጋ ራምና 10 ሜጋ ቢት ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ይከፈትልሃል። የሚመከረው ግን አርቲኤክስ 2080፣ 32 ጊጋ ራምና 50 ሜጋ ቢት ነው። አንተ ያለኸው ታችኛው ጠርዝ ላይ ነው።

ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። 2020 ዲስክ ላይ 150 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ 2024 ግን 50። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «ቀለለ» ይላል። አልቀለለም። የቀረው ነገር ያለው ሰርቨር ላይ ነው፤ እየበረርክ ነው የሚወርደው። መሬቱ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑም ጭምር። ኢንተርኔትህ ሲንቀራፈፍ ታቦር ተራራ ቅርጹ ሳይወጣ ደብዝዞ ይቆያል፣ ሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶችም ካለፍካቸው በኋላ ነው የሚመጡት። በ10 ሜጋ ቢት ሳያቋርጥ ከሳበ በሰዓት 4.5 ጊጋ ባይት ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ከከፈተ ደግሞ አስበው።

2020ም የሳተላይት ምስሉን ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኦንላይን ዳታውን ብታጠፋው መሬቱ ተራ ይሆናል እንጂ በረራህ አይቆምም። 2024 ያለ ኢንተርኔት እንዲበሩበት የተሰራ አይደለም። ላንተ የምመክርህ 2020 ላይ ቆይ፣ ገንዘቡን ራም 32 ለማድረግ አውለው።

ከፒያሳ፦ የኔ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው፣ አሪፍ ነው። 2024ን ይችላል?

መልስ፦ ይሄ አይበቃኝም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግባና ጂፒዩ የሚለውን ንካ። «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ» የሚል አለ፤ ቁጥሩን አምጣልኝ። ከ8 ጊጋ በታች ከሆነ 2024 ላይ ቴክስቸሩን (የምስሉን ዝርዝር ጥራት) ዝቅ ማድረግህ አይቀርም።

ከመናኸሪያ፦ እኔ ፋይበር የለኝም፣ በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው። ካርዴ ጂቲኤክስ 1650፣ ራም 16።

መልስ፦ እህቴ፣ 2024 ላንቺ አይሆንም። ካርድሽም ፓኬጅሽም አይችለውም። 2020ን ፋይበር ያለው ዘመድ ቤት ወስደሽ አውርጂው። 150 ጊጋ በ10 ሜጋ ቢት ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ካወረድሽው በኋላ ኦንላይኑን አጥፍተሽ ብረሪ።

ከሞቢል፦ ኤክስ ፕሌን 12 የሚባለውን ሌላ ሲሙሌተር ለምን አትነግራትም? መልክዓ ምድሩ ዲስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲጫን ካርታ ላይ የምትፈልጊውን ክፍል ብቻ መምረጥ ይቻላል። ምስራቅ አፍሪካን ብቻ መርጠሽ ሌላውን መተው ትችያለሽ። መሞከሪያውም በነጻ ነው።

ከታቦር፦ ኤክስ ፕሌን ላይ ሐዋሳን ፈልጌ አጣኋት እኮ! ከላይ ስታያት የትኛዋም ከተማ ልትሆን ትችላለች። እኔ የምበረው ሰፈሬን ለማየት ነው።

ከሞቢል፦ ሰፈር ማየት ከፈለግክ ባጃጅ ያዝ። ሲሙሌተር ማለት አውሮፕላኑ ነው። ኤክስ ፕሌን ክንፉን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያለውን የአየር ኃይል ያሰላል።

ከታቦር፦ ማይክሮሶፍትስ አያሰላም? 2020 ራሱ የአውሮፕላኑን ገጽ ከሺህ በላይ ቦታ ከፍሎ ነው የሚያሰላው።

መልስ፦ ሁለታችሁም በያላችሁበት ልክ ናችሁ፣ ይብቃን። ኤክስ ፕሌን ከሳጥኑ ሲወጣ የሳተላይት ምስል የለውም፤ ሐዋሳን ሐዋሳ የሚያስመስላት ማይክሮሶፍት ነው። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ግን ኤክስ ፕሌን ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሞቢሉ ልጅ ያለው እውነት ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ነጻውን ሞክሪ፤ ኮምፒዩተርሽ ከቻለው ያኔ ትወስኛለሽ።

ከዳካ፦ 2024 ስንት ነው? እንዴትስ ይገዛል?

መልስ፦ ሲወጣ መደበኛው 70 ዶላር ገደማ ነበር። ውጭ ያለ ዘመድ ካለህ እሱን ጠይቅ። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ (የተሰበረ) ቅጂ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ፤ መሬቱም አውሮፕላኑም ከሰርቨር ስለሚመጣ ገንዘባችሁን ትበላላችሁ።

ከአላሙራ፦ 2020 ላይ በትንሿ ሴስና 172 ከቦሌ ስነሳ አውሮፕላኑ አልነሳ ይለኛል። ሜዳው ሊያልቅ ሲል ነው ቀና የሚለው። 2024 ላይ ተስተካክሏል?

መልስ፦ ሁልጊዜ የምጠብቀው ጥያቄ ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ሲሙሌተሩ አልተበላሸም። የምትኖርበት አገር ከፍታ ነው። 2024 ላይም ያው ነው፣ ኤክስ ፕሌን ላይም ያው ነው።

ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው። አብራሪዎች ለስሌት የሚጠቀሙበት መደበኛው የሙቀት መጠን በዚያ ከፍታ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ስትሆን፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ደምር። አየሩ 10,000 ጫማ ላይ እንዳለህ ያህል ሳስቷል ማለት ነው። ቱርቦ (አየር የሚያምቅለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የሴስናህ ሞተር 180 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከሩብ በላዩ የለም። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ሳስቷል።

ፍጥነት ማሳያው የመነሻውን 55 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲል እውነተኛ ፍጥነትህ ወደ 64 ነው። ለዚያ ነው ሜዳው የሚያጥርብህ። ታዲያ ማሳያው 55 ሳይደርስ መሪውን ስበህ አፍንጫውን አታንሳ። ያን ጊዜ ነው ጭራሽ የማይነሳው።

አሁን ቀዩን እጀታ እንነጋገርበት። ሚክስቸር ይባላል፤ ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ይመጥናል። ብዙዎቻችሁ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁት ነው የምትነሱት። ባህር ዳርቻ ላይ ላለ ሜዳ ልክ ነው፤ ቦሌ ላይ ግን ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል። ሜዳው ጫፍ ላይ ፍሬን ያዝ፣ ጋዙን ሙሉ ስጥ፣ ቀዩን ቀስ እያልክ ሳብ። የሞተሩ ዙር እየጨመረ ይሄድና መውረድ ይጀምራል። ልክ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰህ ግፋ። ያኔ ፍሬን ልቀቅ። የሙሉ ነዳጅ ጭነትህንም ቀንስ፤ ሐዋሳ ለመድረስ ሙሉ ታንክ አያስፈልግም።

ሐዋሳም ቀላል አይደለችም። 5,600 ጫማ ገደማ ናት። ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን አየሩ እንደ 8,500 ጫማ ይሆናል። ጠዋት ብትነሱ ይሻላል።

ከፒያሳ፦ አየሁት፣ 4 ጊጋ ይላል። ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር።

ከሐረር ሰፈር፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ መቀየር ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ካርድ፣ ራም፣ ኢንተርኔት። ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ። «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ከአቶቴ፦ 2020 ላይ ያሉኝ አውሮፕላኖችስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ይሰራሉ። ከማርኬትፕሌስ (ከሲሙሌተሩ የራሱ መደብር) የተገዙት በአካውንትህ ይከተሉሃል። ከሌላ ቦታ አውርደህ ኮሚዩኒቲ ፎልደር ውስጥ ያስገባሃቸውን ግን ጠቅልለህ አትገልብጥ። አንድ አንድ እያደረግክ አስገባና ሞክር፤ ካልሆነ የቱ እንደሚያበላሽብህ አታውቅም። ፍላይባይዋየር የሚባል ቡድን የሰራው ኤርባስ 320 ነጻ ነው፤ ለሁለቱም አለ። እና 2020ን አታጥፋ። 2024 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2017 ሲወጣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ብዙ ሰው መግባት አቅቶት ነበር። 2020 የነበረው በረረ፣ ያጠፋው ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ከታቦር፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሐዋሳ የሚመጣበት ኪው 400 አውሮፕላንስ?

መልስ፦ ኤክስ ፕሌን ላይ ፍላይጄሲም የሰራው ጥሩ ነው። ይከፈልበታል።

ከሞቢል፦ ብዬ ነበር!

ከአዳማ፦ እንግዳ ነኝ። እኛ ጋ ኤርፖርት የለም፣ ከየት ልነሳ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ። ቢሾፍቱ ካለው የአየር ኃይል ሜዳ ተነሳ፤ ቅርብህ እሱ ነው።

ከሲዳማ ባህል አዳራሽ ጀርባ፦ አርቲኤክስ 4070 አለኝ፣ 12 ጊጋ። ራም 32፣ ፋይበሬ 50 ሜጋ ቢት። 2024ን የምፈልገው ውስጡ ላሉት የበረራ ስራዎች ነው፤ ሕመምተኛ ማጓጓዝ፣ እሳት ማጥፋት፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ።

መልስ፦ ቀይር። እንዳንተ ላለው ሰው ነው የተሰራው። መሬት ላይ ሲነዳም ጎማው የሚሰማህ ስሜት ከ2020 ይሻላል፣ ከአውሮፕላኑ ወርደህ ዙሪያውን ማየትም ትችላለህ። 2020ን ግን አታጥፋ።

ከአላሙራ፦ ጋሼ፣ ቀዩን ሳብኩት፣ ተነሳሁ! ሐዋሳ ስደርስ ግን በጣም ፈጠንኩ መሰለኝ፣ ፍጥነት ቀንሼ ልወድቅ ነበር።

መልስ፦ ከመስኮት ውጭ የሚታይህን አትመን። ከፍታ ላይ መሬቱ ቶሎ ያልፋል፣ ማሳያው ላይ ያለው ቁጥር ግን ባህር ዳርቻ ላይ ካለው አይለይም። ፍላፕህን (ክንፉ ጀርባ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሙሉ ካወረድክ ወደ 61 ኖት ያዝና እሱን ብቻ ተከተል። ስትወርድ ደግሞ ቀዩን እጀታ በመጠኑ ወደፊት ግፋ፤ ከበረርክበት ከፍታ አየሩ ወፍሯል፣ ነዳጅ ይጨመርለት። በሐይቁ በኩል ዞረህ እንደገና ሞክር፣ ካልሆነልህ ነገ ማታ አለሁ።