የሰዎቻችሁን ስልክ እዩ

ውድ ወጣቶች፣

ሶፍትዌር መማር የጀመሩ ልጆች ሲያገኙኝ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» ይሉኛል። ለዚህ ረጅም መልስ የለኝም። ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆያችሁ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም።

ብትጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ሌላ ጥያቄ ነው። እናታችሁ ስልኳን እንዴት ነው የምትጠቀመው? የሰፈራችሁ ባለሱቅ ክፍያ ሲቀበል ምን ያያል? እኔ ኮድ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ከኮርስ የማይገኘውን ትምህርት ያገኘሁት ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

አክስቴ ለኪዳን በሌሊት መነሣት ስትፈልግ አላርሟን ራሷ ትሞላለች። 11 ሰዓት ላይ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የሚጮኸው ረፋድ ላይ ነው፣ በእኛ 5 ሰዓት። «ይሄ ስልክ ተበላሽቷል» ትላለች። ልጆቿ ይስቃሉ። እኔ አያስቀኝም። ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው 11 ሰዓት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ስልኩን የሠሩት ሰዎች አልጠየቁም። እናንተ ግን ሳትጠይቁም ታውቁታላችሁ። ሰዓት የሚያስመርጥ ገጽ ስትሠሩ ከቁጥሩ ጎን «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚሉትን ቃላት ጨምሩ። ብዙ ሰው ከመደናገር ይተርፋል።

ቀኑም ያው ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ በሚያሳይ ቅጽ ላይ ልደቱን የት ያስገባው? በ1992 የተወለደች ልጅ ደግሞ ዓመቱን እንዳለ ስትጽፈው፣ ሲስተሙ በፈረንጅ ቆጥሮ ዕድሜዋ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርባታል። ከዚያ መታወቂያዋና የባንክ ደብተሯ አልገጥም ብለው ቢሮ ለቢሮ ስትመላለስ ትከርማለች። መሣሪያው በእጃችሁ ነው። ድረ ገጽ በሚሠራበት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ ኢንትል (Intl) የሚባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። አይሲዩ (ICU) የሚባለው ነጻ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድም ያውቃል። ከሁሉ በፊት ግን ከሳጥኑ አጠገብ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። ይሄ ኮድ እንኳ አይጠይቅም።

ረጋ ብላችሁ እንድታዩት የምፈልገው አጭር መልእክትን ነው። በየቀኑ ስለምናየው ንቀነዋል። አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ለአንድ ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃ 160 ፊደል ይገባል። በአማርኛ ሲሆን አንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል። የተከፈለውን መልሶ ለመገጣጠም ቦታ ስለሚያዝ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚተርፈው 67 ፊደል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ 150 ፊደል ያለው መልእክት በእንግሊዝኛ አንድ ሆኖ ይሄዳል፣ በአማርኛ ግን ሦስት ይሆናል። ለመቶ ሺህ ደንበኛ ሲላክ ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚሆን ገምቱ።

ያኔ አንዱ ተነሥቶ «በቃ በእንግሊዝኛ ይሁን» ይላል። እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ገንዘብ ይግባላት ይውጣባት ለማወቅ የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። የሒሳቧን ምስጢር ለልጅ ታሳያለች። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አማርኛ እጥር ምጥን ብሎ መጻፍ ይችላል። «ከሒሳብዎ 500 ብር ወጥቷል። ቀሪ 1,240 ብር።» ቁጠሩት። 70ው ውስጥ ገብቶ ከግማሽ በላይ ቦታ ይተርፋል። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የሚጀምረውን መግቢያ መቁረጥ የእናንተ ድርሻ ነው። አለቃችሁን ማሳመንም እንደዚሁ።

ፊደላችን ስልክ ውስጥ የገባው እንዲሁ በራሱ አይደለም። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቦታ ይደረድር ስለነበር፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው የዓለም ስምምነት፣ የግዕዝን ፊደል አካተተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ሰነድ ያዘጋጁ፣ የተከራከሩ፣ ደጅ የጠኑ ሰዎች ነበሩ። እናንተም የምትጨምሩት ነገር አለ።

ወደ ባለሱቁ ልመለስ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የሰፈር ነገር ሆኗል። ሱቁ ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን አዙሮ ያሳያል። ባለሱቁ ግን መልእክቱ እስኪገባለት ድረስ ዓይኑን ከራሱ ስልክ አይነቅልም። ስክሪንሾት ማንም አስመስሎ ሊሠራው እንደሚችል ያውቃል። ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። ገዢው ግራ ይገባውና ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ልብ በሉ፣ ሶፍትዌሩ ካልታሰበበት እዚህ ላይ ገንዘቡ ሁለቴ ይወጣል። መላው የታወቀ ነው። ስልኩ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን መለያ ቁጥር ይስጣት። ክፍያውን የሚፈጽመው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያንኑ ቁጥር እንደገና ሲያይ የቀድሞውን መልስ ይስጥ እንጂ ዳግም አይቁረጥ።

ዋይፋይ በማይቋረጥበት ቢሮ ተቀምጦ ይሄ ትዝ አይልም። ስለዚህ ሥራችሁን በርካሽ ስልክ ሞክሩት። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ፣ ሚሞሪው በፎቶ የተጨናነቀ ስልክ ፈልጉ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ክፈቱት። እንደ *127# ያሉትን በኮከብ የሚጀምሩ አገልግሎቶችም ያረጁ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው፤ ኢንተርኔት ሳይኖር በቁልፍ ስልክ ይሠራሉ።

ስለ መግዛት አንድ ነገር ብቻ ልበል። 64 ጊጋ የተጻፈበት ርካሽ ሚሞሪ ካርድ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያ ቺፑ እንዲዋሽ ስለተደረገ ስልኩ 64 ብሎ ያያል። 8ቱ ሲሞላ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይቀመጥ ይጠፋል። የሠርግ ፎቶ እንዲህ የጠፋበት ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ኤፍ3 (F3) የሚባል ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነቱን ይነግራችኋል። በገዛችሁበት ቀን ፈትሹት። ለዘመድ ለጎረቤትም ፈትሹላቸው።

ደግሞም «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ፣ እስቲ ስልኬን እይልኝ» ሲሏችሁ አትሰላቹ። ስልኩንም ቶሎ ከእጃቸው አትውሰዱ። «እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» በሏቸውና ዝም ብላችሁ እዩ። ጣታቸው የሚያመነታበትን ቦታ ማስታወሻ ላይ ጻፉት። በማግሥቱ የራሳችሁን ሥራ ክፈቱና ያው ቦታ እዚያም እንዳለ ፈልጉ።