የተገደፈችው ፊደል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ "ኮዴን ለሁሉም ክፍት ካደረግሁት ምን እበላለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ይህንኑ የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበርና፤ ለእሱ የመለስኩለት በንቀት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚመልስ ኮድ ጻፍን። ያስቸገረችን ጳጉሜ ናት። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን እንቁጣጣሽ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትገፋለች፤ የሚሊኒየሙም ዋዜማ ጳጉሜ 6 ነበር። የግድግዳ ካላንደር ዘርግቶ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ቀን በቀን ያመሳከረው ጓደኛዬ ነው። እኔ ተጠቃሚው ሲሳሳት ብቅ የሚሉትን መልእክቶች ጻፍኩ።

"ኮዱን ክፍት አድርጎ የሚሠራበት በነፃ ይውሰድ፤ ዘግቶ የሚሸጥ ይክፈለን" አለኝ። ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም የሚሠራው የስዊድን ኩባንያ የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ሰን የተባለው ኩባንያ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እኔ ግን "እውቀት አይሸጥም" ብዬ ተኮፈስኩ። እኔ ደመወዝ ነበረኝ፤ እሱ የቤት ኪራይ ነበረበት። አንድ ሌሊት ሳልነግረው ኮዱን ማንም በነፃ ወስዶ ዘግቶ እንዲሸጠው ጭምር በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ ለቀቅኩት። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የድርሰት ሥራ ይጠብቃል፤ የሁለታችንን ሥራ ብቻዬን የመልቀቅ መብት አልነበረኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የገዛው የደመወዝ ፕሮግራም ላይ "ያስገቡት ቀን ትክክል አይደም" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። "አይደለም" ለማለት ፈልጌ ፊደል የገደፍኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የሸጡት ሰዎች ኮዳችንን ወስደዋል ማለት ነው። አልሰረቁንም፤ ፈቃዱ የሚጠይቀው ስማችንንና የፈቃዱን ጽሑፍ እንዲያኖሩ ብቻ ነው፣ አኑረዋል። ጓደኛዬ ያን ጊዜ የኮምፒውተር ጥገና ጀምሯል። ስነግረው ሳቀና "ፊደሏን እንኳ አላረሙልህም?" አለኝ።

የዛሬ ልጆች ኮዳችሁ ድረ ገጽ ላይ ስንት የአድናቆት ኮከብ እንዳገኘ ትቆጥራላችሁ፣ ፈቃዱን ግን አታነቡም። ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም፤ ፕሮግራሙን ለምትሰጡት ሰው ምንጩን፣ ማለትም የተጻፈበትን ኮድም እንድትሰጡ ያስገድዳል እንጂ። ጓደኛዬ እንዳለው በሁለት ፈቃድ፣ አንዱን በነፃ ሌላውን በክፍያ፣ ለመሥራት ደግሞ ኮድ ያዋጣ ሰው ሁሉ መስማማት አለበት። ቢኤስኤል የሚባል ፈቃድም አለ፤ ኮዱን ከሙከራ አልፎ በእውነተኛ ሥራ ላይ ማዋልን ይገድብና ቢዘገይ በአራት ዓመት ውስጥ ኮዱን ነፃ ይለቀዋል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ዳሩ እኔ ራሴ ሙያውን የተማርኩት ሰዎች ያለ ምንም ገደብ ከለቀቁት ኮድ ነው፤ ዘግታችሁ ሽጡ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ልጅቷን "አብሮሽ የሚጽፍ አለ?" አልኳት። "አንድ ልጅ አለ" አለች። የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልለት ጠይቀሽው ተመለሽ አልኳት።