የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነጩ ሣጥን ውስጥ ያለው ሌዘር ለምን ረከሰ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ቤታችን የፋይበር ኢንተርኔት ሲገባ ገመዱን የዘረጋው ቴክኒሻን ነጩን ሣጥን ግድግዳ ላይ እየሰቀለ «ውስጡ ሌዘር አለ» አለኝ። እኔ ሌዘር ሲባል የማውቀው ለዐይን ሕክምና የሚውለውንና ብረት የሚቆርጠውን ውድ መሣሪያ ነው። በየቤቱ በሚሰቀል ሣጥን ውስጥ ሌዘር ማስገባት እንዴት አዋጭ ሆነ? ርካሽ ከሆነስ ጥራቱ የተጓደለ ነው ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቴክኒሻኑ የነገሩዎት እውነት ነው። ከአገልግሎት የወጣ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢፈቱ፣ አረንጓዴው የፋይበር ጫፍ ከሚሰካበት ቀዳዳ በስተጀርባ አንዲት ትንሽ የብረት ቆብ ያገኛሉ፤ ከጀርባዋም እንደ ትራንዚስተር እግር ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው ከቦርዱ ጋር ተበይደዋል። ሌዘሩ የሚገኘው በዚያች ቆብ ውስጥ ሲሆን፣ ቺፑ ራሱ ከጨው ቅንጣት አይበልጥም።

እንዲህ ያለው የሴሚኮንዳክተር ሌዘር (ቺፖች ከሚሠሩበት ዓይነት ቁስ የሚሠራ ሌዘር) መጀመሪያ የበራው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የምርምር ማዕከል፣ በሮበርት ሆልና በባልደረቦቹ እጅ ነው። ያ ሌዘር ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ የማይሠራ፣ ብርሃኑም ብልጭ ድርግም የሚል ነበር። በተራ የክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ የሚበራ ሌዘር የተገኘው በ1970 ሲሆን፣ በሌኒንግራድ የዞሬስ አልፌሮቭ ቡድን፣ በአሜሪካው የቤል ላብስ የምርምር ተቋም ደግሞ ኢዙኦ ሃያሺና ሞርተን ፓኒሽ በዚያው ዓመት ተሳክቶላቸዋል። መፍትሔው ብርሃን የሚያመነጨውን ስስ ንብርብር ከሌላ ዓይነት ሴሚኮንዳክተር በተሠሩ ሁለት ንብርብሮች መካከል ማስቀመጥ ነበር፤ የዛሬው የቤትዎ ሌዘርም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ውዱ ነገር ቺፑ አይደለም። ኢንዲየም ፎስፋይድ ከተባለ ሴሚኮንዳክተር ከተሠራ አንድ ስስ ዝርግ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ይቆረጣሉ። ገንዘብ የሚበላው ከቺፑ የወጣውን ብርሃን ፋይበሩ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ስፋት ብቻ ስላለው፣ የአንድ ወይም የሁለት ማይክሮ ሜትር ዝንፈት እንኳ ከብርሃኑ ብዙውን ያባክናል። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሌዘሩ እንደበራ ፋይበሩን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ብርሃኑ እጅግ የሚደምቅበትን ነጥብ ይፈልጉና እዚያው ላይ ያጣብቁታል። መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ያለ ሥራ ነው፤ ማሽን ይሥራው እንጂ በእያንዳንዱ ቆብ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ሌላው ወጪ ሙቀት ነው። ሌዘር ሲሞቅ የሞገድ ርዝመቱ፣ ማለትም የብርሃኑ «ቀለም»፣ ይንሸራተታል፤ አንድ ሞገድ ብቻ የሚያወጣው ዲኤፍቢ የተባለው ዓይነት እንኳ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.1 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ያህል ይሸሻል። በርካታ ሞገዶች በአንድ ፋይበር ተጠጋግተው በሚጓዙባቸው የረጅም ርቀት መስመሮች፣ በሞገድና በሞገድ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 0.8 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የጥቂት ዲግሪ ለውጥ አንዱን ወደ ጎረቤቱ ክልል ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት የእነዚያ መስመሮች ሌዘሮች በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጠው በተዘጋ ውድ ማሸጊያ ውስጥ ይኖራሉ።

የቤትዎ ሌዘር ግን ማቀዝቀዣ የለውም፤ እንዳያስፈልገውም ታስቦበታል። አንድን ፋይበር ለብዙ ቤቶች የሚያካፍለው፣ ጂፖን የሚባለው የፋይበር ኢንተርኔት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሲወጣ፣ ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል ወደ ቤት ለሚመጣው ብርሃን ከ1480 እስከ 1500 ናኖ ሜትር ያለው ጠባብ ክልል ሲመደብለት፣ ከቤት ወደ ማዕከል ለሚሄደው ግን ከ1260 እስከ 1360 ናኖ ሜትር፣ ማለትም አምስት እጥፍ የሚሰፋ ክልል ተለቀቀለት። የማዕከሉ ሌዘር ብርሃኑ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ስለሚከፋፈል ዋጋውም አብሮ ይከፋፈላል፤ የቤቱ ሌዘር ግን የአንድ ቤት ብቻ ነውና መርከስ ያለበት እሱ ነው። በበኩሌ የዚህን ቴክኖሎጂ ብልሃት የማየው ከቺፑ ይልቅ እዚህ ውሳኔ ላይ ነው። ሌዘሩን አንድ ቦታ አስሮ ለማቆየት ከመክፈል ይልቅ ሜዳውን አስፍተው ለቀቁት። በ1310 ናኖ ሜትር አካባቢ በፋይበሩ ውስጥ የተለያዩ ሞገዶች ፍጥነት እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ምልክቱም እምብዛም አይደበዝዝም።

እንግዲህ ርካሽ ማለት የተጓደለ ማለት አይደለም፤ ለዚህ ሥራ የማያስፈልገው ተቀንሶለታል ማለት ነው። በዚያች ቆብ ውስጥ፣ ከሌዘሩ በስተጀርባ፣ ብርሃኑን የሚለካ ትንሽ መቀበያ አለ፤ ሙቀት ሲጨምርና ብርሃኑ ሲዳከም ሣጥኑ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ይህ መካካሻ ግን ልክ አለው፤ ሁልጊዜ በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ ሌዘርም ዕድሜው ያጥራል። በአዳማ ሙቀት ሣጥኑን ዳንቴል አልብሰው ከቴሌቪዥኑ ኋላ አይሸጉጡት።

ከዚህም የሚረክስ ሌዘር አለ። ቪክሰል የሚባለው፣ ጃፓናዊው ኬኒቺ ኢጋ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሰቡት ዓይነት፣ ብርሃኑን ከጎን ሳይሆን ከላይ ስለሚያወጣ ገና ሳይቆረጥ ዝርጉ ላይ እንዳለ ይፈተሻል። ነገር ግን በብዛት የሚሠራው በ850 ናኖ ሜትር በመሆኑ፣ በመረጃ ማዕከላት ውስጥ ላሉ አጫጭር መስመሮች እንጂ ከቤትዎ እስከ ማዕከሉ ላለው ርቀት አይሆንም።

ጥያቄ፦ የሪሞት ኮንትሮል መብራት መሥራቱን በስልክ ካሜራ እንደምናየው፣ በፋይበሩ ውስጥ ብርሃን መኖሩን በካሜራ ማረጋገጥ ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቻልም። የሪሞቱ ብርሃን 940 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሲሊከን የተሠራው የካሜራው ብርሃን መቀበያ ያየዋል። ሲሊከን ግን ከ1100 ናኖ ሜትር ገደማ በላይ ያለውን ብርሃን አያይም፤ የፋይበሩ 1310 እና 1490 ናኖ ሜትር ለካሜራውም ለዐይንዎም ጨለማ ነው። ካሜራው ላይ ምንም አለመታየቱ ብርሃን የለም ማለት ስላልሆነ፣ የተነቀለ ጫፍ ውስጥ በፍጹም አይመልከቱ። ቴክኒሻኖች የሚይዙት ቀይ መብራት የተሰበረ ቦታ ለመፈለግ የሚውል ሌላ ሌዘር ነው፤ የመስመሩን ብርሃን የሚለኩት በመለኪያ መሣሪያ ሲሆን፣ በተለመደው የጂፖን መስመር ቤት የሚደርሰው ከ−8 እስከ −27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። የአረንጓዴው ሶኬት ጫፍ ተመላሽ ብርሃን ሌዘሩን እንዳይረብሽ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተሞረደ ነው፤ ሰማያዊ ሶኬት በእሱ ቦታ አይሰኩ፤ ሲነቅሉትም አቧራ እንዳይገባው ክዳኑን ወዲያው ይመልሱ።