ተጽፎ የመጣ የስምምነት ፍቺ ላይ ልፈርም ወይ? ብላ ለጠየቀችው የደብረ ብርሃን እህት

እህቴ፣ በሰማንያ ከተጋባችሁ 9 ዓመት፣ ሁለት ልጆች፣ በእሱ ስም ካርታ የወጣለት ቤት፣ አንድ ባጃጅ። ባልሽ ደግሞ «በስምምነት እንፋታ፣ አስጽፌዋለሁ፣ የአንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ሁለት ገጽ አምጥቷል። ልፈርም ወይ፣ ነፃ የሕግ ድጋፍስ የት አገኛለሁ ነው ያልሽው። እዚህ ግሩፕ ላይ ከላይ «ፈርሚና ተገላገይ» ብለው የመለሱልሽ ሰዎች ወረቀቱን አላዩትም።

1. አትፈርሚ። መጀመሪያ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው ቦታ ከፍ ብላ የምትገኝ አንዲት መስመር ፈልጊ፦ «በመካከላችን የምንካፈለው የጋራ ንብረትም ሆነ ዕዳ የለም»። ይህች መስመር ሁልጊዜ በተንኮል አትጻፍም። ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉት ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ የፍቺ ጽሑፍ አላቸው፤ ስምና ቀን ይቀይራሉ፣ የቀረው እንዳለ ይታተማል። ሰውም ከፍሎ፣ ሳያነብ ይወስዳል። ችሎት ስትቀርቡ ዳኛው «ስምምነቱ በፈቃዳችሁ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሁለታችሁም «አዎ» ትላላችሁ፣ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወረቀት አይደለም፣ ፍርድ ነው። በዓመቱ «ቤቱን ልካፈል» ብለሽ ብትመጪ እሱ የሚያቀርበው ያንኑ የጸደቀ ስምምነት ነው፤ «ንብረት እንደሌለ በፊርማዋ አምናለች» ይላል። ያኔ ቤቱ የጋራ ነው ብለሽ ከመከራከርሽ በፊት ተታልለሽ ወይም ተገድደሽ መፈረምሽን ማስረዳት ይጠበቅብሻል። ይሄ ደግሞ ከቤቱ ክርክር እጅግ ይከብዳል።

በስምምነት መፋታቱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ከክርክር ይፈጥናል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። መስመሯን አውጥታችሁ ይህን ተኩባት፦ «የጋራ ንብረታችንን በተመለከተ ወደፊት በስምምነት፣ ካልተስማማን በፍርድ ቤት እንጨርሳለን»። ፍቺው ይወሰናል፣ ንብረቱ ለብቻው ይታያል። ይህን አልፈርምም ካለሽ ለምን እንደቸኮለ ገባሽ ማለት ነው።

2. «ካርታው በስሜ ነው» የሚለው አያስፈራሽ። እኛ ዘንድ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች የሚጠቅሱልሽ 213/1992 የፌዴራሉ ነው፤ ሐሳቡ ቢቀራረብም ክስሽ ላይ የክልሉን አስጠቅሺ። (ፍቼ በኩል ያለው ሰሜን ሸዋ ደግሞ የኦሮሚያን ሕግ ነው የሚከተለው፤ እዚህ ግሩፕ ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ይታያል።) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በማንም ስም ይመዝገብ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት፤ ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ የወረሰው ወይም በስጦታ ያገኘው መሆኑን። የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ቤት የእሱ ሆኖ ኪራዩ የሁለታችሁ ይሆናል።

የሰማንያውን ውል ከሳጥን አውጪው። ስትጋቡ ማን ምን ይዞ እንደገባ፣ በሬው፣ ላሟ፣ ገንዘቡ፣ በሽማግሌ ፊት የተጻፈበት ወረቀት የጋብቻሽም የግል ንብረትሽም ማስረጃ ነው። ውሉ ላይ ያለችው ላም የአንቺ ናት፤ ከጋብቻ ወዲህ የወለደቻቸው ጥጆች የጋራ ናቸው። መንዝ ወይም ቡልጋ በኩል የእርሻ መሬት ካላችሁ አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተር እይው። ፎቶሽ ከእሱ ፎቶ ጎን ተለጥፎ ከሆነ ፎቶ ያለበትን ገጽ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጊ፣ ደብተሩ ከጠፋ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ማኅደሩ አለ።

3. ዕግድ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄን ነው። ፍቺ ሊጠየቅ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚሸጠው ባጃጁ ነው፤ ጠዋት ውል ተጽፎ ከሰዓት ሌላ ሰው ይነዳዋል። ቤት ያለ ትዳር ጓደኛ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም፣ ግን ከተሸጠ በኋላ ማፍረሱ ሌላ ክስ ነው። ስለዚህ የፍቺ ክሱ በሚገባበት ቀን በመሐላ የተደገፈ የዕግድ አቤቱታም አብሮ ይግባ፦ ቤቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ፣ ባጃጁ ስሙ እንዳይዛወር፣ የባንክ ሒሳቡ እንዳይንቀሳቀስ። የካርታ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የባንኩ ቅርንጫፍ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ያሉት ንብረቶች ሁሉ ይታገዱ» የሚል አቤቱታ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ቢፈቅዱም ሥራው ገና ነው። ደብዳቤው በራሱ እግር አይሄድም። ከመዝገብ ቤት ተቀብለሽ ማዘጋጃ ቤትና መንገድ ትራንስፖርት ራስሽ ትወስጃለሽ፣ ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትተሽ ትመለሻለሽ። ማኅተም የሌለበት ዕግድ «አልደረሰንም» ይባላል፣ ንብረቱም ሲሸጥ ተጠያቂ የለም። መዝገብ ቤት «ነገ ተመለሽ» ሲሉሽ የመዝገብ ቁጥርሽን ጽፈሽ ሳትወስጂ አትውጪ።

ክሱ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ከጠየቅሽ፣ ሦስት ገጽ ስድብና ሐሜት አያስፈልገውም። ማን በደለ የሚለው ቤቱን እኩል ከመካፈል በአብዛኛው አያግድም። ይልቅ የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ድከሚ። ምስክሮች ሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው፣ እያንዳንዳቸው የሚያስረዱት ጭብጥ፣ ሰነዶች ደግሞ ከክሱ ጋር ተያይዘው ነው የሚገቡት፤ ዘግይቶ የመጣ ማስረጃ ለማስገባት በቂ ምክንያት ትጠየቂያለሽ። በእጅሽ የሌለውን ሰነድ ማን ጋ እንዳለ ጽፈሽ «እንዲቀርብ ይታዘዝልኝ» በይ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት አያይዢ፣ ቀለቡ ከደመወዙ ተቆርጦ እንዲከፈል የመሥሪያ ቤቱን ስም ጥቀሺ። ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ ጊዜያዊ ቀለብና የልጆች ጠባቂነት መጠየቅ ትችያለሽ፤ ካልጠየቅሽ ማንም አያስታውስልሽም።

ፍርድ ቤቱ በሽማግሌ ሞክሩ ሊላችሁ፣ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ጋብቻ ግን አያፈርስም። «በሽማግሌ ተፋተናል» ብሎ ሌላ የሚያገባ ሰው በሕግ ፊት ገና ባለትዳር ነው።

ለነፃ ድጋፉ መጀመሪያ ወረዳሽ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ዐቃቤ ሕጎቹ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በፍትሐ ብሔርም ይረዳሉ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጽፍልሻል። ከተማሽ ውስጥ ያለው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሕግ ስለሚያስተምር በነፃ ሕግ ድጋፍ በኩል ጠይቂያቸው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻልሽ በድህነት እንድትከሺ ማመልከት ይቻላል፤ ለዚህ የቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። ቀበሌው «ቤት አላት» ብሎ ከጻፈብሽ አለቀልሽ፤ ቤቱ በባልሽ ስምና እጅ ያለ፣ ክርክር የሚነሳበት መሆኑ እንዲገለጽ አድርጊ። ጠበቃ ከያዝሽ ፈቃዱን አሳየኝ በይው፣ ክፍያውንም በጽሑፍ ተዋዋዪ። በር ላይ «እኔ ዳኛውን አውቃለሁ» የሚለው ጉዳይ አስፈጻሚ ጠበቃ አይደለም።

ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ በባለሙያ ይገመታል፤ አንዳችሁ ለሌላው ግማሹን ከፍሎ ቤቱን ያስቀራል፣ ካልተስማማችሁ ሐራጅ ይወጣል። ግምቱ ካነሰብሽ መቃወሚያሽን ሳይውል ሳያድር አስገቢ። ለትዳሩ ተብሎ ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ ከአሁኑ ፀደይ ባንክ የተወሰደ ብድር ካለም ዕዳው የጋራ ነው፣ ደረሰኞቹን ያዢ። ውሳኔው ካላረካሽ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ፍቺው ሲወሰን የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም አውጥተሽ በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቢ። ነገ የምትጀምሪው ግን ከፎቶ ኮፒ ነው፦ ሰማንያው፣ ካርታው፣ የባጃጁ ሊብሬ፣ የልጆቹ ልደት። ኮፒዎቹን ቤት ውስጥ አታስቀምጪ፣ እናትሽ ጋ ላኪያቸው።