የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባጃጅ ልጆችን እንዴት እንቅረጽ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን። ባጃጃቸውን በስቲከርና በመብራት አስውበው ማታ ከዚራ ስለሚሰበሰቡ ልጆች የ15 ደቂቃ ፊልም ጀምረናል። ያለን አንድ ስልክና አንድ ሽቦ አልባ ማይክ ነው። የቀረጽነውን ስናየው ልጆቹ ማስታወቂያ የሚሠሩ ይመስላሉ። የቀኑ ምስል ይቆራረጣል፤ የማታው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ንግግራቸውም አይሰማም።

መልስ፦ ከልጆቹ እንጀምር። ካሜራ ሲያይ ሁሉም ሰው ራሱን ያስተካክላል፤ የሚረሳው እጁ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ሲጨፍሩ ብቻ ሳይሆን ስቲከር ሲለጥፉ፣ ስፒከር ሲገጥሙ፣ ሽቦ ሲቀጥሉ ቅረጹ። ስልኩን ትራይፖድ ላይ አቁሙና 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ ተዉት። «ጀምር» አትበሉ።

ከዚያ በፊት ግን ካሜራ ሳትይዙ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ባጃጁ የራሱ ነው ወይስ የሰው? ለባለቤቱ በቀን ስንት ያስገባል? ለስቲከሩ ማን ከፈለ? የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ጉንጉን ፀጉርና ንቅሳት ብቻ ካሳያችሁ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ፍርድ ይዞ ይመለሳል። ሴኔጋላዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1973 እ.ኤ.አ. በሠራው «ቱኪ ቡኪ» ፊልም ውስጥ የዳካሩ ወጣት ሞተር ላይ ቀንዳም የከብት ራስ ቅል አለ። ልጁ ማን እንደሆነ ገና አፉን ሳይከፍት ሞተሩ ይነግረናል። የእናንተም ባጃጅ እንዲህ መናገር ይችላል።

ወደ ምስሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉና ቆልፉት፤ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ይህን ይፈቅዳል። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ የሱቅ መብራት ብዙ ጊዜ የሚርገበገበው ሹተሩ ከዚህ ሲወጣ ነው። የባጃጁ ኤልኢዲ ግን በባትሪ ስለሚሠራ የራሱ ባሕርይ አለው፤ አስቀድማችሁ 10 ሰከንድ ሞክሩት። የድሬ ፀሐይ ላይ ስልኩን ለራሱ ከተዋችሁት ሹተሩን እስከ 1/4000 ያወጣዋል፤ እንቅስቃሴው የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። መፍትሔው ኤንዲ64 ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ ተገጥሞ ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት ነው፤ ጥላ ውስጥ ብርሃኑን ያነሰ የሚቀንሰው ኤንዲ8 ይበቃል። ፊልተር ከሌለ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30፣ ወይም ከ10፡30 በኋላ ቅረጹ። ቀትር ላይ ስልኩ ግሎ ቀረጻውን ሊያቋርጥባችሁም ይችላል።

ድምፅ። ማይኩ ከአገጭ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ የማይኩን ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አትርሱ፣ ነፋሱ አይምርም። ሲያወሩ ሞተሩም ሙዚቃውም ይጥፋ። ሙዚቃ እየተሰማ የተቀረጸ ንግግር ስትቆርጡት ዜማው በየመሃሉ ይዘላል። የሞተሩን ድምፅ ለብቻ 2 ደቂቃ፣ የቦታውን ዝምታ 1 ደቂቃ ቅዱ። ዘፈኑን ፊልሙ ውስጥ ለማስገባት የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠይቀው ነው።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። በፊልሜ በርጫውን (ጫት የሚቃምበትን ስብስብ) ካላሳየሁ ውሸት ይሆናል፤ ካሳየሁ ደግሞ ልጆቹ «ሱሰኛ አደረግሽን» ይሉኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አሳዪው፤ ግን ከጫቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሰዓትም አሳዪ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄሲካ በሽር ዘጋቢ ፊልም «ፋያ ዳዪ» እዚያው ሐረር ዙሪያ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው፤ ጫቱን የሚያሳየው ሲቃም ብቻ ሳይሆን ሲለቀምና ሲታሰርም ጭምር ነው። በርጫ ውስጥ የሚቀረጽ ሁሉ አስቀድሞ ይስማማ፤ ስምምነቱንም ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ቅጂ። ምርቃና ላይ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ ፊቱን አታሳዪ።

ጥያቄ፦ የምንቀርጻቸው የድሬ ልጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላሉ። የአማርኛ ድምፅ እንደርብበት?

መልስ፦ በፍጹም! ድሬ ማለት ያ ቅልቅል ነው። የግርጌ ጽሑፍ ስጡ፤ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ቢያንስ 2 ሰከንድ ይቆይ። «አቦ»ን አትተርጉሙ። ፎንቱ ግዕዝ የማያውቅ ከሆነ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው። ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትማችሁ አውጡና ከማሳየታችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩት።