መንጃ ፈቃዴ ስልኬ ውስጥ ካለ ካርዱን ቤት ልተወው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ስልክ ላይ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተውብናል። አብዛኞቹ ከሜሪላንድ ናቸው። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ልጄ መንጃ ፈቃዴን አይፎኔ ላይ ዋሌት የሚባለው አፕ ውስጥ አስገባችልኝና «አባባ፣ ከእንግዲህ ካርዱን መያዝ የለብህም» ትለኛለች። ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን ላድርግ? ስልኬን ይዞ ወደ መኪናው ቢሄድስ? (ሹፌሩ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሹን አግኝታዋለች። ካርዱን ግን ከኪስዎ እንዳያወጡት። ሜሪላንድ መንጃ ፈቃድን አፕል ዋሌት ውስጥ ማስገባት የፈቀደችው በፈረንጆቹ ሜይ 2022 ነው፤ ከአሪዞና ቀጥላ ሁለተኛዋ ናት። ጉግል ዋሌት በ2023 ተከተለ። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎም መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት፣ ኤምቪኤ፣ ራሱ ካርዱን ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ ነው የሚለው። ፖሊሱ ካርዱን ከጠየቀ «ስልኬ ላይ አለ» ማለት አያዋጣም።

ስልኬን ይዞ ቢሄድስ ያሉት ደግሞ ትክክለኛ ስጋት ነው፤ እኔ ስለዚህ ነገር ስጽፍ ደጋግሜ የምለውም እሱን ነው። ይሄ ነገር ሲሠራ ስልኩ ከባለቤቱ እጅ እንዳይወጣ ተብሎ ነው የተሠራው። ጠያቂው ማንበቢያ መሣሪያ ይኖረዋል፣ እርስዎ ስልኩን ያስጠጋሉ ወይም ኪውአር ኮዱን ያሳያሉ፣ ከዚያ ስልክዎ «ይሄ ሰውዬ ስምህን፣ ፎቶህንና የልደት ቀንህን ይፈልጋል፣ ልስጠው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። በፊትዎ ወይም በአሻራዎ እሺ ሲሉ ብቻ መረጃው በብሉቱዝ ወደ መሣሪያው ይሄዳል። መሣሪያው የሚያምነው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል አይደለም፤ ክፍለ ግዛቷ መረጃው ላይ ያሳረፈችውን ዲጂታል ፊርማ ነው። ለዚህ ነው ስክሪንሾት ዋጋ የሌለው። ስክሪንሾትማ ማንም ሠፈር ውስጥ ያለ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይሠራልዎታል።

ችግሩ ምን መሰልዎት፣ መንገድ ዳር የሚያስቆምዎት ፖሊስ ማንበቢያው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «እስኪ አሳየኝ» ይላል፣ ሰውም ደንገጥ ብሎ ስልኩን ከፍቶ ያቀብላል። እዚያ ውስጥ ግን የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ ባንክ አለ፣ ቫይበር አለ፣ የእቁቡ ግሩፕ ሳይቀር አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ራይሊ በሚባለው ጉዳይ ፖሊስ ያሰረውን ሰው ስልክ ለመበርበር በመሠረቱ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ ወስኗል። ራስዎ ከፍተው «እንካ» ካሉ ግን ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም የሚል ክርክር ይነሳል፣ ያ ክርክር ደግሞ በጠበቃ ገንዘብ ነው የሚካሄደው። ካርዱን ይስጡት፣ ይዞት ይሂድ። ስልኩ ማቀፊያው ላይ እንዳለ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለልጅ ልጇ ክርስትና ከባልቲሞር ወደ አትላንታ ልትበር ነው። ካርዷ ላይ ያ ኮከብ የለም። ስልኳ ላይ ብናስገባላት ኤርፖርት ያሳልፋታል?

መልስ፦ አያሳልፋትም። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ በመንጃ ፈቃድ የሚያልፍ ሰው ሪል አይዲ የሚባለውን፣ የፌደራሉን መስፈርት ያሟላውን ነው ማቅረብ ያለበት፤ ኮከቡ የሱ ምልክት ነው። ስልክ ላይ ያለውም ቢሆን የኤርፖርት ፍተሻውን የሚያካሂደው ቲኤስኤ የሚቀበለው መነሻው ሪል አይዲ ከሆነ ብቻ ነው። ስልኩ የኤምቪኤን ፋይል ነው የሚያሳየው፣ ከፋይሉ የተሻለ ሰው አያደርጋትም።

ደግሞ ለምን ትጨነቃላችሁ፣ እናትህ ፓስፖርት ካላት እሱን ትያዝ። የአሜሪካም ይሁን የኢትዮጵያ፣ ጊዜው ያላለፈ ይሁን እንጂ ይሠራል። ግሪን ካርድም ይሠራል። ይልቅ ትኬቱን ስትቆርጥ ስሟን ፊደል በፊደል አስተያይ። የእኛ ሰው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት ይጻፋል፤ አንዱ የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት። የልደት ቀኑስ ቢሆን፣ ስንታችን ነን ጃንዋሪ 1 የተወለድነው! እዚህ አገር ስንገባ የተሳሳተው ሁሉ ካርዱ ላይ አለ፣ ካርዱ ላይ ያለው ደግሞ እንዳለ ስልኩ ላይ ይገለበጣል። ማስተካከል ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ኤምቪኤ መሄድ ነው።

እኔ ራሴ በስልክ አልፌ አውቃለሁ። ስልኬን አስጠጋሁ፣ ካሜራውን አየሁ፣ ሰውዬው በጁ እለፍ አለኝ፣ አለቀ። ጉራዬን ይዤ በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ኤርፖርት ላይ ስሞክር ማንበቢያው አልሠራም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም እኔ ቦርሳዬን እስከ ታች እየዘረገፍኩ ካርድ ፍለጋ። ካርዱ የተገኘው ካልሲ ውስጥ ነው፣ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። የምሽት ቤት በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ አይዲዬን ይዞ አገላብጦ ሲያነብ አይመቸኝም። አድራሻዬ እዚያ ላይ ነው። ስልኩ ለዚህ ይሻላል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ይሄ ነገር ከተሠራ ለአንቺ ነው የተሠራው። ፕላስቲኩን ስትሰጪው ቤትሽን፣ ቁመትሽን፣ ኪሎሽን ጭምር ነው የሰጠሽው፣ እሱ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ 21 ሞልቷታል ወይስ አልሞላትም። በስልኩ ሲሆን ማንበቢያው ይሄንኑ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስልክሽ ፎቶሽንና «አዎ፣ ሞልቷታል» የሚለውን ልኮ ዝም ይላል። የተወለድሽበት ቀን እንኳን አይታይም። ምን እንደተጠየቅሽ ስልክሽ ላይ አንብቢው ታዲያ፤ ቢራ የሚሸጥ ሰው አድራሻሽን ከጠየቀ እምቢ በይ።

ይሄ ሁሉ ግን ቤቱ ማንበቢያ ካለው ነው። እኔ አንድ የመጠጥ ሱቅ ውስጥ ስልኬን ስዘረጋ ሻጩ ሳቀና «ካርድ የለም?» አለኝ። ሽበቴ አልበቃውም።

ጥያቄ፦ ፓስፖርትም ስልክ ላይ ገባ ሲሉ ሰማሁ። አዲስ አበባ በሱ መሄድ ይቻላል? ስልኬ ቢጠፋብኝስ?

መልስ፦ አይቻልም። አፕል በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ ፓስፖርትን ስልክ ላይ ማስገባት ጀምሯል፣ ግን ለአገር ውስጥ በረራ ፍተሻ ነው፤ ድንበር አያሻግርም፣ ቦሌም አይሠራም። ደብተሩን ያዝ። «ፋይዳ አለኝ» ያላችሁንም ሰዎች አይተናል፤ ፋይዳ ማንነትህን ይናገራል እንጂ መኪና መንዳት ትችላለህ አይልም፣ ሜሪላንድ ያለ ፖሊስም አያውቀው።

ስልኩ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ያለ አንተ ፊት፣ አሻራ ወይም የሚስጥር ቁጥር መታወቂያህን ሊያቀርብ አይችልም። አንተም ከሌላ መሣሪያ ገብተህ ልታጠፋው ትችላለህ። ከካርድ ይልቅ እዚህ ላይ ስልኩ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ካርዱን ከስልኩ ሽፋን ጀርባ የምትሰካ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት።